ማህተሙ ልክ፣ መለያው ስህተት፦ ከአንድ ክሊኒክ ትዕዛዝ የተማርነው

መነሻ

ማህተም ቀረጻ ቤት ውስጥ ዲዛይን እሠራለሁ። ከአለቃችን ሌላ ሦስት ነን። እኔ ኮምፒውተር ላይ ነኝ። አንድ ባልደረባዬ ሌዘሩን ይይዛል። ሦስተኛዋ ጎማውን እጀታው ላይ ትለጥፋለች፣ ከላይ መለያ ወረቀት ታስገባለች፣ ደንበኛም ታስተናግዳለች።

አብዛኛው ሥራችን የሚጻፍለት ነገር የለውም። ሰው ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፣ ቲተር (ስምና ሙያ ያለበት ማህተም) ያዛል፣ በማግስቱ ይወስዳል። ይሄኛውን የምጽፈው ጎማው ላይ ሳይሆን ከላይ በሚገባው መለያ ወረቀት ላይ ስለተሳሳትን ነው። ስህተቱም የተፈጠረው ሥራውን ከወትሮው በተሻለ እንሥራ ብለን በተነሳንበት ጊዜ ነው።

ደንበኛው

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የግል ክሊኒክ ነው። ስሙን አልጠቅስም፣ ጉዳዩም አያስፈልገውም። ያዘዙን 24 ማህተም ነበር። አንዱ ዋናው ክብ ማህተም ነው። 9 የሐኪሞች ቲተር ነው፤ ስም፣ ሙያ፣ የሙያ ፈቃድ ቁጥር። የቀሩት 14 የዕለት ሥራ ማህተሞች ናቸው፦ ተከፍሏል፣ በክሬዲት፣ ነፃ፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቤተ ሙከራ፣ ፋርማሲ፣ ካርድ ክፍል እና የመሳሰሉት።

ማህተም ነበራቸው፤ አዲስ ያዘዙት አሮጌዎቹ ስላስቸገሯቸው ነው። ሁሉም ጥቁር ሆነው አንድ ዓይነት አውቶማቲክ (ሲጫኑት ራሱ ቀለም የሚነክር) ነበሩ፣ መጠናቸውም 38 በ14 ሚሊሜትር። ይህ መጠን ገበያው ላይ በጣም የተለመደ ነው። የትሮዳት 4911፣ የሻይኒ ኤስ-842 እና የኮሎፕ ፕሪንተር 20 ሦስቱም ያው 38 በ14 ናቸው። ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ሲታዩ መንታ ወንድማማቾች ይመስላሉ።

ችግሩ

ሒሳብ ሹሙ ሲያስረዱን እንዲህ ነበር ነገሩ። ታካሚው ከሐኪም የተሰጠውን ማዘዣ ይዞ ካሸር ጋ ይሄዳል። ከከፈለ ማዘዣው ላይ «ተከፍሏል» ይመታለታል። ውል ካለው ድርጅት የተላከ ከሆነ «በክሬዲት» ይመታል። ከዚያ ወደ ላብራቶሪ ወይም ወደ ፋርማሲ ይሄዳል። ሁለቱ ማህተሞች ከተምታቱ ማታ ሒሳብ አይገጥምም።

እኔ ሄጄ ግማሽ ቀን ካሸሯ አጠገብ ተቀመጥኩ። ይህን የማድረግ ልማድ የለንም፤ ትዕዛዙ ትልቅ ስለሆነ ነው። ያየሁት ግልጽ ነበር። ሰልፍ ሲበዛ ማህተሙን ታነሳለች፣ ገልብጣ ጎማውን ታያለች፣ ትመልሳለች፣ ሌላውን ታነሳለች። ጎማ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ግልብጥ ነው። በመስታወት እንደማንበብ ማለት ነው። በዚያ ላይ ቀለም ጠጥቶ ጠቁሯል።

የራሳቸው መፍትሔ ነበራቸው። የቁስል ፕላስተር ቆርጠው እጀታው ላይ ለጥፈው በእስክሪብቶ ጽፈውበታል። ክሊኒክ ነውና ፕላስተር አይጠፋም። ግን ሁሉም ሰው እጁን በአልኮል ስለሚያሸው ጽሑፉ ሳምንት አይቆይም። አንዱ ፕላስተር ላይ «ተከ…» የሚል ብቻ ቀርቷል። ሌላው ላይ ምንም የለም። ካሸሯ «ባዶው በክሬዲት ነው» አለችኝ፣ እየሳቀች።

ሌላም ነገር አገኘሁ። ከ14ቱ የሥራ ማህተሞች ሁለቱ ማንም የማይጠቀምባቸው ነበሩ። ሌላ ማህተም ላይ ያለውን ቃል በሌላ አባባል የሚደግሙ ናቸው። ለሒሳብ ሹሙ ነገርኳቸው፣ ተሰረዙ። 24ቱ 22 ሆነ። አለቃዬ ይህን ሲሰማ አልተደሰተም።

በምን እንሥራው?

ጎማን በድኝ ማብሰል ቻርለስ ጉድይር በ1839 እ.ኤ.አ. ከደረሰበት ወዲህ የማህተም አሠራር ብዙ ጊዜ ተቀይሯል። ዛሬ ከምንጠቀምባቸው መንገዶች ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው ሌዘር ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ጎማውን እያቃጠለ በፊደሉ ዙሪያ ያለውን ይቆፍራል፣ ፊደሉን ከፍ አድርጎ ይተወዋል። ጎማው አብዛኛውን ጊዜ 2.3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የኤ4 ወረቀት መጠን ነው። ሻጮቹ «ሽታ የሌለው» ይሉታል። ያሸታል። ጭስ ማውጫ ከሌለ ቤት ውስጥ አይዋልም።

ሁለተኛው ፖሊመር ነው። ብርሃን ሲነካው የሚጠጥር ነገር ነው። ጽሑፉ ብቻ ብርሃን የሚያሳልፍበት ጥቁር ፊልም ተሠርቶ ይደረብበታል፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይመታል። ብርሃን ያላገኘው በውሃ ታጥቦ ይሄዳል፣ የቀረው ፊደል ነው።

ሦስተኛው ፍላሽ የሚባለው ነው። ስፖንጅ መሰል ነገር ውስጡ በጣም ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ኃይለኛ የብርሃን ብልጭታ ሲያገኘው ቀዳዳዎቹ ቀልጠው ይዘጋሉ። ፊልሙ ላይ በጥቁር የታተመው ጽሑፍ ብርሃኑን ስለሚከለክል የፊደሉ ቦታ ክፍት ይቀራል፣ ቀለምም በዚያ ይወጣል። ፈጣን ነው፣ ደቃቅ ነገርም ጥሩ ያወጣል። ግን የራሱን ዓይነት ቀለም ይፈልጋል። ክሊኒኩ ውስጥ ደግሞ ቀለም ሲያልቅ ማንም ያገኘውን ነው የሚጨምረው። ስለዚህ ፍላሹን ተውነው። ፖሊመሩን ያልመረጥንበት ምክንያት ተራ ነው፤ ማሽኑ የለንም። በሌዘር ሠራነው።

የመጀመሪያው ጥፋት፦ «ቢተ ሙከራ»

ናሙና አውጥተን ወረቀት ላይ መታነው። «ቤተ ሙከራ» የሚለው «ቢተ ሙከራ» ሆኖ ወጣ።

ፋይሉን አየሁ፣ ትክክል ነው። ጎማውን በአጉሊ መነጽር አየነው። ቤ ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ውስጧ አልተቆፈረም። ሌዘሩ የሚያርፍበት ነጥብ የራሱ ስፋት አለው። የቀለበቷ ቀዳዳ ከዚያ ብዙም ካልሰፋ ጥቂት ይጫርና ያልፋል። የተጫረውን ደግሞ ቀለም ይሞላዋል። ቀለበት ሲሞላ ኃምሱ ሣልስ ይመስላል። ቤ ቢ ይሆናል፣ ኬ ኪ ይሆናል፣ ዴ ዲ ይሆናል። የላቲን ፊደል የሚቀርጽ ሰው «ኢ» (e) የምትባለው ፊደላቸው ትንሽ ብትሞላበት ቃሉ ያው ይነበባል። እኛ ጋ ግን ቀለበቷ ራሷ አናባቢ ናት። ሞላች ማለት ሌላ ፊደል ተጻፈ ማለት ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ማህተም ላይ ወፍራም ፊደል ይሻላል የሚለውን ልማድ ይዤ ጽሑፉን አወፍሬው ነበር። ፊደሉ በወፈረ ቁጥር ቀለበቱ ይጠባል። ወደ መደበኛው መለስኩት፣ የቀለበቱ ውስጥ ሰፊ የሆነ ፎንት መረጥኩ፣ በፊደላት መካከል ትንሽ ክፍተት ጨመርኩ። ቤ ተመለሰች።

ግን ፊደል ሲቀጥን ሌላ ችግር መጣ። ቀጫጭኖቹ እግሮች ሲጫኑ ይተጣጠፋሉ። ለዚህ ሌዘሩ ላይ መፍትሔ አለ። ቁፋሮው ቀጥ ብሎ ከሚወርድ ይልቅ ወደ ታች እየሰፋ እንዲሄድ ማዘዝ ይቻላል። ባልደረባዬ «ትከሻ መስጠት» ይለዋል። ፊደሉ ላዩ ቀጭን፣ ሥሩ ወፍራም ይሆናል። ይህን ስናስተካክል 5 ጎማ ጣልን።

የሐኪሞቹ ቲተር በ38 በ14 ውስጥ ሦስት መስመር አልበቃውም። ጨምቆ ማስገባት ይቻላል፤ ብዙ ቤት የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። እኛ ግን ወደ 47 በ18 አሳደግነው። ክሊኒኩ የዋጋውን ልዩነት ለመክፈል ትንሽ አንገራገረ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን መትተን ስናሳያቸው ግን ክርክሩ አበቃ።

ስም አጻጻፍ

የሐኪሞቹ ዝርዝር የመጣልን ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የአማርኛ ፎንት ተጽፎ ነው። የእኛ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ ሐኪም ሆኖ ቲተር ያስቀርጻል። አሮጌው ፋይል ግን አሁንም ከቢሮ ቢሮ ይዞራል።

ስልክ ደውለን ስሞቹን በቃል ተቀበልን፣ እኔ ጻፍኩ። ይህ አደገኛ ነበር። በስልክ «ጸ»ን ከ«ፀ»፣ «ኃ»ን ከ«ሐ» ማን ይለያል? የሰው ስም ደግሞ የሰዋስው ሕግ አይገዛውም። ባለቤቱ በ«ሀ» ጻፉልኝ ካለ በ«ሀ» ነው። ቲተሩ መታወቂያው ላይ ካለው ስም ጋር ካልገጠመ ወረቀት ተመላሽ ይሆናል።

ስለዚህ ሁሉንም ቲተር በእውነተኛ መጠኑ ወረቀት ላይ አትመን ላክን። እያንዳንዱ ሐኪም የራሱን አይቶ አጠገቡ ይፈርማል። ከ9 ስም 3ቱ ታርመው ተመለሱ። አንዱ ሐኪም ሙያቸውንም ቀየሩ፤ ስፔሻላይዝ አድርገው መመለሳቸውን ክሊኒኩ ዝርዝሩ ላይ አላስተካከለም ነበር።

መለያው

አውቶማቲክ ማህተም አናቱ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ ክዳን አለው። ከሥሩ ትንሽ ወረቀት ይገባል። አብዛኛው ሰው ይህን ቦታ የፋብሪካው ማስታወቂያ እንደሆነ ነው የሚያስበው። የተሠራው ግን ማህተሙ ምን እንደሚል ከላይ እንዲነበብ ነው። እኛም ለዓመታት ባዶውን ስንሰጥ ኖረናል።

አሁን ለእያንዳንዱ ማህተም መለያ አተምን። ጽሑፉ ጎማው ላይ ያለው ነው፣ ግን ቀጥ ብሎ። ጠርዙ ላይ ለየክፍሉ ቀለም አደረግን፦ ለካሸር ቀይ፣ ለላብራቶሪ ሰማያዊ፣ ለፋርማሲ አረንጓዴ። (አንድ ጊዜ የመለያውንም ገጽ እንደ ጎማው ገልብጬ ላክሁትና መለያው ግልብጥ ሆኖ ወጣ። ባልደረቦቼ እስካሁን ያነሱብኛል።)

የመጀመሪያው ሙከራ ለባርኮድ በሚያገለግለው የሙቀት ስቲከር ላይ ነበር። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይታተማል። ለመሞከር ሁለት ማህተም ላይ፣ ክዳኑ ላይ ከውጭ ለጥፈን ሰጠናቸው። ያ ወረቀት ቀለም የለውም፣ ሙቀት ሲነካው ነው የሚጠቁረው። አልኮልም ያበላሸዋል። በሳምንቱ ግራጫ ሆኖ አገኘነው። ቀጥሎ በኢንክጄት አተምን፤ ክዳኑ ሥር እርጥበት ሲገባ ቀለሙ ሟሟ። በመጨረሻ በሌዘር ፕሪንተር፣ በተራ ነጭ ወረቀት ታትሞ ክዳኑ ሥር የገባው ነው የቆየው። እጀታው ክዳን ለሌለው ማህተም ደግሞ ጽሑፉ በፕላስቲክ ሽፋን ሥር የሚታተምበት ጥብጣብ ስቲከር አዘጋጀን። እሱ አልኮልን ይችላል።

ሁለተኛው ጥፋት

ሥራውን አስረከብን። በማግስቱ ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ።

ካሸሯ ከጠዋት ጀምሮ በአዲሶቹ ማህተሞች ስትመታ ነበር። ታካሚዎች ላብራቶሪ ገቡ፣ ወጡ፣ ማንም ምንም አላለም። ከዚያ አንድ አባት ፋርማሲ ሄዱ። ፋርማሲስቱ ማዘዣቸውን አይቶ «አባባ፣ ከየትኛው ድርጅት ነው የተላኩት?» አላቸው። «ምን ድርጅት? አሁን ብር ከፍዬ መምጣቴ ነው!» አሉ። ማዘዣው ላይ የተመታው «በክሬዲት» ነው። ጭቅጭቅ ሆነ። ካሸሯ ማህተሙን ይዛ መጣች። አናቱ ላይ «ተከፍሏል» ይላል፣ በቀይ ጠርዝ፣ ጥርት ባለ ጽሑፍ። ሲመታ «በክሬዲት» ይላል።

ሁለቱን መለያዎች አቀያይረን አስገብተናቸው ነበር። እስኪታወቅ 11 ማዘዣ ተመቷል።

ሰው የመታውን አያነብም ወይ? ሰልፍ ባለበት አያነብም። ማህተሙ ያርፋል፣ ወረቀቱ ወዲያው ለባለቤቱ ይሰጣል፣ ዓይን ወደ ቀጣዩ ሰው ይሄዳል። ካሸሯ አላጠፋችም። እኛው ነን «ከእንግዲህ መገልበጥ አያስፈልግሽም፣ ከላይ አንብቢ» ያልናት። ፕላስተሩ በነበረ ጊዜ ትጠራጠር ነበር፣ ስለዚህ ትገለብጥ ነበር። ንጹህ የታተመ ወረቀት ስታይ አመነች።

የቀሩትን 19 አውቶማቲኮች በሙሉ አስመልሰን ስናይ ሌላም ተገኘ። ሙያቸውን ያስቀየሩት ሐኪም ቲተር ጎማው ታርሟል። መለያው ግን አሮጌውን ሙያ ይዟል። ጎማው ከታረመው ፋይል ነው የተቀረጸው። መለያዎቹ ግን እርማቱ ከመምጣቱ በፊት በአንድ ገጽ ላይ ታትመው ተቆርጠው ተቀምጠው ነበር። ሁለት ፋይል፣ ሁለት ቀን። የመጀመሪያው የእጅ ስህተት ነው፣ ማንም ላይ ይደርሳል። ይሄኛው የአሠራር ስህተት ስለሆነ እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

እርማቱ

መፍትሔውን ያመጣችው መለያ የምታስገባው ባልደረባችን ናት። «ለምን አትመን እናስገባለን? ራሱን መትተን ራሱን አናስገባም?» አለች።

እንዲህ ሆነ። የቀለም ጠርዝ ብቻ ያለበት፣ መሐሉ ባዶ የሆነ ወረቀት በሌዘር ፕሪንተር አተምን። ማህተሙ ተገጣጥሞ፣ ቀለም ገብቶ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ይመታል። ሲደርቅ ያንኑ ወረቀት ቆርጦ እዚያው ማህተም አናት ላይ ማስገባት ነው። አንድ ማህተም ሳያልቅ ሌላ አይጀመርም። መለያው ከጎማው ሊለይ አይችልም፣ ምክንያቱም የጎማው የራሱ ጽሑፍ ነው። ጎማው ላይ የሞላ ቀለበት ካለም እዚያው ይታያል። ለአታሚ ቤት እንዲህ ያለ መፍትሔ ትንሽ ያሳፍራል፤ በዚያ ሁሉ ማሽን መሐል ያሸነፈው በእጅ የተመታው ነው።

ሁሉም ማህተም ላይ ግን አላደረግነውም። የሐኪም ቲተር አናት ላይ ሙሉ ምቱ ከታየ፣ ጠረጴዛ አጠገብ የቆመ ማንኛውም ሰው በስልኩ ፎቶ ሊያነሳው ይችላል። ጥርት ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ ለአስመሳይ የተመቸ ናሙና ማለት ነው። ስለዚህ ቲተሮቹ ላይ የሐኪሙን ስም ብቻ አተምን። መለያው የሚታተመው ከጎማው ፋይል ውስጥ ነው፣ እርማት ሲመጣ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ። ክቡ ማህተም ላይ «ዋና ማህተም» ብቻ ብለን ልንለጥፍ ነበር፣ ሥራ አስኪያጇ ያንንም አልፈለጉም። «እሱ ካዝና ውስጥ ነው የሚያድረው፣ ከማን ጋር ይምታታል?» አሉ። እውነታቸውን ነው።

የተበላሹት ጎማዎችና የናሙና ምቶች ክሊኒኩ በላከው ሰው ፊት ተቆራርጠው ተወገዱ። ይህን ደንበኛ ባይጠይቅም እናደርገዋለን።

ከሦስት ወር በኋላ

ቀለም ልሞላላቸው ስሄድ አየኋቸው። 12ቱ የሥራ ማህተሞች መለያቸው እንዳለ ነው። ሒሳብ ሹሙ ካሸር ጋ የማህተም መምታታት ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገጠማቸው ነገሩኝ፤ ያም ካሸሯ በሥራ ብዛት ከሌላ ክፍል የመጣ ማህተም አንስታ ነው።

ያልሠራው ቀለሙ ነው። ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ ቀይና አረንጓዴ አይለይም። እስክንጠይቀው አልነገረንም። እሱ ቃሉን ነው የሚያነበው፣ ጠርዙ ለእሱ ትርጉም የለውም። ለሚቀጥለው ትዕዛዝ ከቀለሙ ሌላ የጠርዙን ቅርጽም ለየክፍሉ እንለያያለን፦ አንዱ ሙሉ መስመር፣ አንዱ ነጠብጣብ፣ አንዱ ድርብ።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

ማህተም ቀራጭ ላልሆነም ሰው የሚጠቅም ነገር እዚህ ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ። መድኃኒት ብልቃጥ ላይ፣ የመጋዘን መደርደሪያ ላይ፣ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሳጥን ላይ መለያ የሚለጥፍ ሰው ሁሉ ከእኛ ጋር አንድ ሥራ ነው የሚሠራው። መለያ ከተለጠፈ በኋላ ማንም ውስጡን አይፈትሽም። ስለዚህ መለያው ከመለጠፉ በፊት ያለው ፍተሻ መጥበቅ አለበት። እኛ የመለያውን ሥራ እንደ ማሸጊያ ወረቀት ቆጥረነው የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ጥለነው ነበር።

ሌላው፣ አንድ ጽሑፍ ሁለት ቦታ የሚወጣ ከሆነ ከአንድ ፋይል ይውጣ። ከተቻለ ደግሞ አንዱ ከሌላው ይወለድ።

ደንበኛው ጋ ሄዶ መቀመጥም ጠቅሞናል። ከትዕዛዙ ሁለት ማህተም አስቀንሶብናል፣ ግን ፕላስተሩን ባላይ ኖሮ የመለያው ጉዳይ ትዝም አይለኝ። ግማሽ ቀን ለሁሉም ደንበኛ ማዋል አንችልም፤ ከ10 ማህተም በላይ ለሚያዝ ግን አሁን እንሄዳለን።

የአማርኛ ጽሑፍ ለሚቀርጹ ባልደረቦች አንድ ነገር ልጨምር። ናሙና ስታወጡ የድርጅቱን ስም ብቻ አትሞክሩ። ቤ፣ ኬ፣ ዴ፣ ሔ፣ ሎ ያሉበት አጭር መስመር ጻፉ፣ በምትቀርጹበት መጠን ቅረጹት፣ ቀለም እንደጠጣ አሥር ጊዜ ምቱት። ከዚያ ፋይሉን ላላየ ሰው ስጡና ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። እኛ ጋ የሚያነብልን ጎረቤታችን ያለው የጫማ ሱቅ ልጅ ነው። «ቢ» ካለ ጎማው ወደ ሌዘሩ ይመለሳል።